የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሐምሌ የሚዘንብ የገና በረዶ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ በአሜሪካ ቴሌቪዥን፣ በተለይም በሆልማርክ ጣቢያ፣ ስለሚታዩት ቀለል ያሉ የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች። አይቶ ለማያውቅ በአጭሩ እንንገር። በትልቅ ከተማ ሥራ የዋጣት ወጣት በሆነ ምክንያት ወደ ትንሽ ከተማ ትሄዳለች፤ እዚያ ዳቦ ቤት ወይም የጥድ እርሻ ያለው ባለ ሹራብ ጎረምሳ ያጋጥማታል፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ይግባባሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ይሳሳማሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«መጨረሻው ገና በአምስተኛው ደቂቃ ይታወቃል። ታዲያ ሰው ምን ሊያገኝ ቁጭ ብሎ ያያል? ባለቤቴ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ታያለች፤ እኔ ሊገባኝ አልቻለም።» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ባለቤትዎ የሚያዩት መጨረሻው ስለሚታወቅ ነው። አቦል ሲጠጣ ቶና እንደሚከተል፣ ከቶናም በኋላ በረካ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ «ይኼን አውቄዋለሁ» ብሎ ከረከቦቱ አጠገብ የተነሣ ጎረቤት ግን አላየንም። ፊልሙም እንደዚያው ነው። ተመልካች «ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?» ብሎ አይጨነቅም። «በዚህኛው የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አያቷስ ምን ብላ ትመክራታለች? ያ ጅላጅል ወንድሟ ምን ያበላሽ ይሆን?» ነው ጥያቄው።

ጭንቀት የሚቀንሱ አንዳንድ ብልሃቶችም አሉ፤ አንዴ ካወቋቸው በየፊልሙ ያገኟቸዋል። መጀመሪያ፣ በፊልሙ ውስጥ ሰው አይሞትም። ሐዘን ካለም ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ያለቀ ሐዘን ነው፦ ጎረምሳው ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል፣ እሷም እናቷን ያጣችው በልጅነቷ ነው። ሁለተኛ፣ ክፉ ሰው የለም። ከተማ የቀረው እጮኛ እንኳ ጥፋቱ ስልኩ ላይ ማቀርቀሩ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ኩርፊያው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። በቃና የተተረጎሙ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን የለመደ ተመልካች ይህን ሲያይ ሳይገርመው አይቀርም፤ እዚያ አንድ አለመግባባት ወራት ይፈጃል፣ እዚህ ሽንኩርቱ ቀይ ሳይል ይታረቃሉ።

በሲኒማ ቤትና በቤት መካከል ያለውን ልዩነትም አይርሱ። ሲኒማ የገባ ሰው ትኬቱን ቆርጧል፣ በሩ ተዘግቷል፤ ፊልሙ ግማሽ ሰዓት ቢያስጨንቀውም ይታገሣል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው እጅ ውስጥ ግን ሪሞት አለ። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ፊልም ከማስታወቂያ በተመለሰ ቁጥር የት እንደደረስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውሳል፦ «እንግዲህ ፌስቲቫሉ ሊደርስ ሦስት ቀን ቀረው፣ እኛ ደግሞ ገና ጌጡን አልሰቀልንም!» ይቺ ዓረፍተ ነገር ለሰነፍ ተመልካች የተጻፈች አይደለችም። ተነሥቶ ድስት አማስሎ ለተመለሰ ሰው ነው የተጻፈችው።

«ለቴሌቪዥን አንድ የፍቅር ኮሜዲ ለመጻፍ እየሞከርኩ ነው። እነዚህ ፊልሞች ዘጠኝ ገቢር አላቸው ሲባል ሰማሁ። እንዴት ይከፋፈላል? ወደ እኛ አገር ማምጣትስ ይቻላል?» (ከአዲስ አበባ)

ይቻላል፤ በረዶውን ትተው አጽሙን ከወሰዱ።

ዘጠኙ ገቢር የመጣው ከማስታወቂያ ነው። ጣቢያው ለአንድ ፊልም የሚመድበው ሁለት ሰዓት ነው፣ ፊልሙ ራሱ 84 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀረው 36 ደቂቃ የማስታወቂያ ነው። ፊልሙ ስምንት ቦታ ሲቆረጥ ዘጠኝ ቁራጭ ይሆናል። ቁራጮቹ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ ተመልካቹ ባለታሪኮቹን ሳይለምድ ማስታወቂያ ከገባ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳላ። የቀሩት ስምንቱ በአማካይ ስምንት ስምንት ደቂቃ ይደርሳቸዋል።

በመጀመሪያው ገቢር አራት ነገር ማለቅ አለበት፦ ሴትየዋ ማን ናት፣ ሥራዋ ምንድን ነው፣ ምን ጎድሏታል፣ ሰውየውን የት አገኘችው። መገናኛው ትንሽ ግጭት ቢሆን ይሻላል፤ ቡና የተደፋበት ሸሚዝ፣ ሁለት ሰው የያዘው አንድ ታክሲ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ገቢር ሁለቱ ሳይወዱ አብረው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሥራ ይመጣል፤ ለሥራውም ቀን ይቆረጥለታል። ቀን የሌለው ሥራ ፊልሙን ያላላዋል። አራተኛውና አምስተኛው ተመልካቹ የመጣበት ክፍል ነው፦ ኬክ መጋገር፣ ጌጥ መስቀል፣ መሳሳቅ። አምስተኛው ሲያልቅ ሊሳሳሙ ይቃረቡና አንድ ነገር ያቋርጣቸዋል፤ ስልክ፣ ሕፃን፣ የምድጃ ደወል። ስድስተኛው የልብ ጨዋታ ነው፤ የቆየው ቁስል ይነገራል። በሰባተኛው ከከተማ የሥራ ጥሪ ይመጣል፤ ሲያልቅ ሰውየው ወሬውን በግማሽ ይሰማል። ስምንተኛው ኩርፊያና የሽማግሌ ምክር ነው። ዘጠነኛው ሩጫ፣ ሰው ፊት የሚነገር ቃል፣ መሳም፣ ማለቂያ።

በየማስታወቂያው ፊት የሚቀመጠው ነገር ልብ አንጠልጣይ መሆን የለበትም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ይስታሉ፤ መኪና ይጋጫሉ፣ ሽጉጥ ያወጣሉ። የሚፈለገው ትንሽ የማወቅ ጉጉት ብቻ ነው፦ በሩ ተንኳኳ፣ ከፈተችው፣ ፊቷ ተለወጠ። ቁረጥ።

ጽሑፉን አብዝቶ የሚጥለው ግን ሰባተኛው ገቢር ነው። አለመግባባቱ በአንድ ስልክ የሚፈታ ከሆነ ተመልካቹ «ደውላ አትጠይቀውም እንዴ!» ብሎ በስክሪኑ ላይ ይጮኻል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ትክክል ማድረግ ነው። ሥራው በእርግጥ ጥሩ ሥራ ይሁን፤ ሰውየውም ሱቁን ጥሎ መሄድ የማይችልበት እውነተኛ ምክንያት ይኑረው። ያን ጊዜ ስልክ ቢደወልም አይፈታም፤ አንዱ አንድ ነገር መተው አለበት። በተረፈ የሴትየዋ ሥራ በዓይን የሚታይ ይሁን። «አማካሪ ነኝ» ከምትል ልብስ ሰፊ፣ ጋጋሪ፣ ፎቶ አንሺ ብትሆን እጇ ሥራ ይዞ ስለሚታይ ንግግሩም አይደርቅም።

ወደ አገራችን ስናመጣው፣ ከከተማ ወደ ትንሽ ቦታ የመመለስ ታሪክ እኛ ዘንድ የመስቀል ታሪክ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ የሄደ ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሳምንት እናት ቤት ይገናኛል። ቀን የተቆረጠለት ሥራ አለ፣ ደመራው አይጠብቅም። የሚሠራ እጅ አለ፣ ክትፎ፣ ቆጮ፣ አይብ፣ ቤት ማሳመር። ምክር የምትሰጥ አያትማ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ከውጭ መዋስ የሚያስፈልግ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አንድ የቀረጻ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አደይ አበባ የሚፈካው ከመስከረም ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ነው። የደጁን ትዕይንት ያኔ ካልቀረጹ በሚያዝያ አደይ ፈልገው አያገኙም፤ የቤት ውስጡን ግን መቼም መቅረጽ ይችላሉ።

የመጨረሻው መሳምስ? ሳሎን ውስጥ አባት፣ እናት፣ አክስትና የጎረቤት ልጅ አብረው በሚያዩበት አገር መሳም ሲቃረብ አባወራው በድንገት ሪሞት መፈለግ ይጀምራል። በምትኩ ሽማግሌ ይላኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ እሷ ከጓዳ በመጋረጃ ስታይ፣ አባትየው አውቆ የማያውቅ መስሎ «ምን እግር ጣላችሁ?» ሲል ከመሳም የበለጠ ዕልል ያሰኛል። ኮሜዲም አለው፦ አንደኛው ሽማግሌ የልጁን ስም ይርሳ።

«በፊልሞቹ ላይ በረዶ እየጣለ ዛፎቹ ግን ለምለም ናቸው፤ ሰው ሲናገርም ከአፉ እንፋሎት አይወጣም። በረዶው ከምን ነው የሚሠራው?» (ከካልጋሪ፣ ካናዳ)

ካልጋሪ የሚኖር ሰውማ በበረዶ አይታለልም። ፊልሞቹ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ስለሚታዩ፣ የሚቀረጹት ብዙ ጊዜ በጸደይና በበጋ ነው። ብዙዎቹ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ በቫንኩቨር ዙሪያ ይሠራሉ፤ የቫንኩቨር ሐምሌ ደግሞ እንደ እኛ ሐምሌ ዝናብና ጭቃ አይደለም፣ የለየለት በጋ ነው።

በረዶው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ካሜራው ባለበት ርቀት ይለያያል። ከሩቅ የሚታይ መስክ ላይ እንደ ብርድ ልብስ የሚጠቀለል ነጭ ጥጥ መሰል ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ርካሽና ፈጣን ነው፣ ሲጨርሱም ጠቅልለው ለነገው ቀረጻ ይወስዱታል። ለጣሪያ፣ ለመስኮት ደፍና ለዛፍ ቅርንጫፍ የደቀቀ ወረቀት በቱቦ ከውሃ ጋር ይረጫል፤ ውሃው ያጣብቀዋል። ከሰማይ የሚወርደው አረፋ ነው፦ ሳሙና መሰል ፈሳሽ ማሽን ውስጥ ገብቶ በማራገቢያ ይበተናል፣ መሬት ሳይደርስ ወይም እንደደረሰ ይተናል። ተዋናዮቹ የሚረግጡት ቦታ ላይ ግን የተፈጨ እውነተኛ በረዶ ያፈሳሉ፤ ወረቀት ሲረገጥ ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ዱካም በደንብ አይዝም።

የሚበላሸውም በዚሁ በኩል ነው። ነፋስ ከመጣ አረፋው ከመውረድ ይልቅ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቁር የሱፍ ካፖርት ላይ ያረፈ አረፋ እንደ በረዶ አይቀልጥም፣ የሳሙና ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ በየቀረጻው መሃል አንድ ሰው ትከሻ ያራግፋል። የጥጡ ምንጣፍ ጫፍ ካልተሸፈነ የተነጠፈ አንሶላ ይመስላል። ማሽኑ ስለሚጮኽ ንግግሩ አንዳንዴ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ይቀዳል፤ ከንፈርና ድምፅ ሳይገጥም ካዩ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ድሮ ደግሞ የባሰ ነበር፦ ነጭ ቀለም የተቀባ የበቆሎ ቂጣ፣ ያ ቁርስ የሚበላው ኮርንፍሌክስ፣ በረዶ ሆኖ ይበተን ነበር፤ ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ ንግግሩን ይውጠዋል። በ1946 የወጣ አንድ ዝነኛ የገና ፊልም ባለሙያዎች የእሳት ማጥፊያ አረፋ ከሳሙናና ከውሃ ጋር ቀላቅለው ጸጥ ያለ በረዶ ሠሩ፤ ለዚህም ከኦስካር ሰጪው አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አገኙ።

ለምለሙ ዛፍ እንዳይታይ ካሜራው ፊቱን ወደ ጥድ ያዞራል ወይም ዳራውን ያደበዝዛል። እንፋሎቱን በኮምፒውተር መጨመር ይቻላል፤ ግን ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ይተዉታል። ተዋናዮቹስ? ካፖርት፣ ሻርፕና ጓንት አጥልቀው በ30 ዲግሪ ሙቀት ይቆማሉ። ልብስ አልባሾቹ ከካፖርቱ ሥር አንገትጌ ብቻ ያለው የውሸት ሹራብ ያለብሷቸዋል፣ ጀርባቸው ላይ የበረዶ ከረጢት ይሸጉጣሉ፣ «ቁረጥ» ሲባል ማራገቢያ ይዘው ይሮጣሉ። ሴትየዋ ግንባሯ ላይ ወዝ ካዩ «ፍቅር ያዛት» አይበሉ።

«አንዱን ፊልም ለመሥራት ስንት ቀንና ስንት ገንዘብ ይፈጃል? ለምንስ አሜሪካ ውስጥ አይሠሩትም?» (ከአትላንታ)

ቀረጻው 15 ቀን አካባቢ ነው፤ ሦስት የሥራ ሳምንት። ጽሑፉ ከ100 ገጽ ትንሽ ከፍ ስለሚል በቀን ሰባት ገጽ ያህል ይደርሳል። ለሲኒማ በሚሠራ ትልቅ ፊልም ሁለት ሦስት ገጽ የቀን ሥራ ነው። ወጪው ብዙ ጊዜ 2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው።

ይህን ካወቁ ብዙ ነገር ይገባዎታል። ለምን አንድ ቤት በተደጋጋሚ ይታያል? መብራትና ካሜራ አጓጉዞ እንደገና መትከል ግማሽ ቀን ስለሚበላ። ለምን የሌሊት ደጅ ትዕይንት ያንሳል? በሰኔ መጨረሻ ቫንኩቨር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሠራተኛው ጨለማ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይከፈለዋል። የቤት ውስጥ ሌሊት ከሆነ ግን መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በእኩለ ቀን መቅረጽ ይቻላል። ለምን ፌስቲቫሉ ላይ ሠላሳ ሰው ብቻ አለ? አጃቢ ተዋናይ ቀለብና ክፍያ አለው። የቆመው ሕዝብ ካፖርት ቀይሮ በሌላ በኩል ሲያልፍ ካዩት፣ አልተሳሳቱም።

ካናዳ የሚሠሩት፣ እዚያ የፊልም ሥራ ከተከፈለው ደመወዝ ላይ ግብር ተመላሽ ስለሚደረግለት፣ የካናዳ ዶላር ከአሜሪካው ስለሚረክስ፣ ደግሞም ዓመቱን ሙሉ ይህንኑ የሚሠራ የሠለጠነ ባለሙያ ስላለ ነው። ትንሿ የአሜሪካ ከተማ ተብላ የምትታየው ብዙ ጊዜ ቫንኩቨር አቅራቢያ ያለችው ፎርት ላንግሊ፣ ወይም ኦንታርዮ ውስጥ ከኦታዋ ብዙ የማትርቀው አልሞንት ናት። የመኪና ታርጋ ይቀየራል፣ ቀዩ የካናዳ ፖስታ ሣጥን ይሸፈናል፤ የሚረሳ ግን አይጠፋም።

«እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን እነዚህን ፊልሞች ከእኛ እኩል ትከታተላለች። እንዴት ሊሆን ይችላል? ቋንቋ ለመልመድስ ይረዷታል?» (ከቨርጂኒያ)

እናትዎ ፊት ያነብባሉ። ታሪኩ በዓይን እንዲገባ ሆኖ ነው የተሠራው፦ ከተማው ግራጫ፣ ትንሿ ከተማ ቀይና አረንጓዴ፤ ልጅቷ ልቧ ሲለሰልስ ጥቁሩ ካፖርት ቀርቶ ቀይ ሹራብ ይመጣል። ለመልመድም ጥሩ ናቸው፤ አነጋገሩ አጭርና ንጹሕ ነው፣ ስድብም የለበትም። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከታች ይክፈቱላቸው፣ አንዱን ፊልም ደግመው ይዩት፤ ሁለተኛው ላይ ታሪኩ ስለሚታወቅ ጆሮ ነጻ ይሆናል። ከመጨረሻው መሳም በቀር ለቤት የሚያሳፍር ነገር ይመጣል ብለው አይስጉ።

«ሆልማርክ የፖስት ካርድ ድርጅት አይደለም እንዴ? ቴሌቪዥን ውስጥ ምን አገባው?» (ከዱባይ)

ያው ራሱ ነው። ጆይስ ሆል በ1910 ካንሳስ ሲቲ ላይ የጀመረው የካርድ ንግድ ነው (ስሙ የሴት ይመስላል እንጂ ሰውየው ወንድ ነው)። ወደ ቴሌቪዥን የገባው በ1951 በገና ዋዜማ ነው፤ ስለ ሰብአ ሰገል የሚያወሳ፣ ለቴሌቪዥን የተጻፈ ኦፔራ ስፖንሰር ሆኖ በኤንቢሲ ጣቢያ አሳየ። በራሱ ስም የሚጠራው የኬብል ጣቢያ የመጣው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ2001 ነው። ሌት ተቀን የገና ፊልም የሚያሳይበትን ወቅታዊ ዝግጅት በ2009 ጀመረ፤ በአንዳንድ ዓመት አዲስ የወጡት ሠላሳና አርባ ደርሰዋል። ካርድ የሚሸጥ ሰው «ለምወዳት» የሚለውን ስሜት በደንብ ያውቀዋል፤ ፊልሙም የ84 ደቂቃ ካርድ ነው ቢባል ስድብ አይደለም። የሚያሳዝነው ለእኛ ብቻ ነው፦ ታኅሣሥ 29 ገናችን ሲደርስ ጣቢያው ዛፉን አውርዶ ጨርሷል።

«በዓመት ይህን ያህል ከወጣ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እለያለሁ? ጊዜዬን እንዳላባክን።» (ከአዲስ አበባ)

እስከ መጀመሪያው ማስታወቂያ ይስጡት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመጀመሪያው ጭቅጭቃቸው ስለ አንድ ተጨባጭ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ስለ ሱቁ ዋጋ ወይም ስለ ዛፉ መቆረጥ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዝም ብለው ከተነካከሱ ጸሐፊው የሚለው አልነበረውም። ወላጅና አያት ሆነው የሚሠሩት አንጋፋ ተዋናዮች ከምክር ሌላ የራሳቸው ጉዳይ ካላቸው ይቀጥሉ። ልጅቷ ሥራዋን ስትሠራ ካላዩ ይተዉት።

አንድ የማይሳሳት መፈተሻም አለ፦ የቡናውን ኩባያ ይመልከቱ። ትኩስ ነገር ልብስ ላይ እንዳይደፋ፣ በየቀረጻውም መጠኑ እንዳይለያይ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይሰጧቸዋል፤ ተዋናዩ እንደ ላባ ያወዛውዘዋል፣ ሳያጋድል ይጠጣል። ደንበኛ ዳይሬክተር ግማሽ ድረስ ውሃ ይሞላበታል።